መድኃኒቱ ፕሮቲኑን ይዞት እንደሆነ ሃይፐርፖላራይዜሽን ይነግረኛል?

ጥያቄ፦ «30 ኪሎዳልተን የሚመዝን አንድ ኢንዛይም አለኝ። በእጄ ያለው 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ሌላ ቶሎ አላገኝም። ኢንዛይሙን ያግዱታል ብዬ የጠረጠርኳቸው 3 ትንንሽ ውህዶች አሉ። አንደኛው ፍሎሪን አለበት። ሁለተኛው በውሃ አልሟሟ ብሎ አስቸግሮኛል። ሦስተኛው በኢንዛይም ሙከራ በናኖሞላር፣ ማለትም እጅግ በትንሽ መጠን፣ የሚሠራ ይመስላል። ኤንኤምአር በማግኔት ውስጥ የአቶሞችን ሲግናል የሚያነብ ማሽን ነው፤ ሃይፐርፖላራይዝድ የሚባለው ዓይነቱ ሲግናልን ከ10,000 እጥፍ በላይ ያሳድጋል ሲባል ሰማሁ። ፕሮቲኔን እዚያ ማሽን ውስጥ ባስገባው፣ ውህዶቹ የት ቦታ ላይ እንደሚያያዙና ምን ያህል አጥብቀው እንደሚይዙ በአንድ ቀን ማወቅ እችላለሁ? ወይስ ተራውን ኤንኤምአር ሌሊቱን ሙሉ ባስኬደው ያው ነው?»

ምላሽ፦ እዚያ ማሽን ውስጥ የሚገባው ፕሮቲንዎ አይደለም። ይህ ካልተስተካከለ ቀሪው ሁሉ ይጣመማል። በዚህ ዘዴ ሲግናሉ የሚጎለብተው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ውህድ ነው። ፕሮቲኑ ምንም ሳይነካ ቱቦው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚገኘው መልስም «ተያይዟል ወይስ አልተያያዘም፣ በምን ያህል ጥንካሬ» የሚል ነው። «የት ቦታ ላይ» የሚለው በአንድ ቀን የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ናኖሞላር ነው ያሉት ውህድ ደግሞ ከሦስቱ ለዚህ ዘዴ የማይመቸው እሱ ነው። «ጠንካራ ስለሆነ ጎልቶ ይታያል» ብለው አስበው ከሆነ ነገሩ ተቃራኒው ነው።

በመጀመሪያ ተራው ኤንኤምአር ለምን ደካማ እንደሆነ እንይ። ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን ኒውክለስ፣ ትንሽ ማግኔት ነው። ትልቁ ማግኔት ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሰለፋል። የምንሰማው ሲግናል የሁለቱ ልዩነት ነው፤ ቀሪው እርስ በርሱ ይጣፋል። በ400 ሜጋኸርዝ ማሽን፣ በክፍል ሙቀት፣ ከ1 ሚሊዮን ፕሮቶኖች ይህ ልዩነት 32 ገደማ ብቻ ነው። ኤንኤምአር ለሚያየው የካርበን ዓይነት፣ ለካርበን 13፣ ደግሞ 8 ገደማ። ማለትም ከፍለው ያመጡት ናሙና ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝም ያለ ነው። ሃይፐርፖላራይዜሽን የሚሠራው ይህንን ልዩነት ማስፋት ነው። አዲስ አቶም አይጨምርም፣ ማሽኑንም አያሻሽልም። ዝም ያሉትን ያናግራል፣ ያውም ለአጭር ጊዜ።

አሁን የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ዋናው እሱ ነው። ተራውን ማሽን ደጋግሞ ማስኬድ ሲግናሉን በድግግሞሹ ልክ አያሳድገውም፤ የሚያሳድገው በድግግሞሹ ካሬ ሥር ነው። 100 ጊዜ ቢለኩ የሚያተርፉት 10 እጥፍ ነው። 10,000 እጥፍ ለማግኘት 100 ሚሊዮን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 2 ሴኮንድ ቢፈጅ ከ6 ዓመት በላይ ይሆናል። ስለዚህ «ያው ነው» የሚለው በመርህ ደረጃ ስህተት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን እንቁጠረው። 12 ሰዓት ማለት በ2 ሴኮንድ ልዩነት 21,600 ድግግሞሽ ነው። የዚህ ካሬ ሥር 147 ገደማ ነው። 147 እጥፍ ቀላል ነገር አይደለም! ለብዙ የመያያዝ ጥያቄ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከ10,000 ጋር ሲያወዳድሩት ያነሰ ይመስላል። ለእርስዎ ሥራ ግን መወዳደር ያለበት ከሚያስፈልግዎት ጋር ነው።

ያ «ከ10,000 በላይ» የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? በ2003 በስዊድን ማልሞ የሚሠሩ አርደንኬር ላርሰንና ባልደረቦቹ ካሳተሙት ሥራ ነው። ዩሪያ ውስጥ ያለውን ካርበን 13 ሲግናል 44,400 እጥፍ፣ ናይትሮጅን 15ን ደግሞ 23,500 እጥፍ አሳድገው አሳዩ። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን የሚለካው በዚያው ማግኔት፣ በተራ ሁኔታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተለካ ያው ናሙና ጋር ተነጻጽሮ ነው። ካርበን 13 ደግሞ በተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ የሚያድግበት ቦታ ሰፊ ነው። በፕሮቶንና በፍሎሪን ላይ፣ ናሙናው ተጉዞ ደርሶ፣ በፕሮቲን ከተቀላቀለ በኋላ በእጅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ መቶዎችና ሺዎች ናቸው። እሱም ቢሆን ድንቅ ነው። በርዕስ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ በጀት መጠየቅ ግን ራስን ማታለል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውህድዎ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንደ ብርጭቆ ከሚጠጥር ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ለምሳሌ ከግሊሰሮልና ውሃ ወይም ዲኤምኤስኦ የሚባል አሟሚ ካለበት ቅልቅል ጋር። ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ራዲካል ይጨመርበታል። ከዚያ እስከ 1.2 ኬልቪን ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ከፍጹም ዜሮ በአንድ ዲግሪ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። የኤሌክትሮን ማግኔትነት ከፕሮቶን 660 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ቅዝቃዜና በ3.35 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ይሰለፋል። 94 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሆነ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅበት ይህን ሰልፉን ለጎረቤት ኒውክለሶች ያስተላልፋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦቨርሃውዘር በ1953 ተነበየው፤ ካርቨርና ስሊክተር በዚያው ዓመት በሊቲየም ብረት ላይ አሳዩት። የ2003ቱ አዲስ ነገር ያንን በረዶ በቅጽበት ወደ ፈሳሽ መመለሱ ነው።

ቅጽበቱን ላሳይዎት፤ ችግሩም ውበቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። በረዶው ተዘጋጅቶ ለመጎልበት እንደ ኒውክለሱ ዓይነት ከደቂቃዎች እስከ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ጊዜ ሁሉ ሰው ስክሪን ላይ ቀስ ብላ የምትወጣ ኩርባ እያየ ይቀመጣል። ከዚያ በግፊት የታመቀ ትኩስ አሟሚ ፈሳሽ በረዶው ላይ ይወርዳል። ጥቂት ሚሊሊትር ይሆናል። በረዶው ወዲያው ይሟሟል። ፈሳሹ በጋዝ ተገፍቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ኤንኤምአር ማግኔቱ ይሮጣል። እዚያ በባፈር፣ ማለትም አሲድነቱ በማይለዋወጥ ፈሳሽ፣ ውስጥ ከሚጠብቀው ፕሮቲን ጋር ይቀላቀላል፤ ልኬቱ ወዲያው ይጀምራል። ጥሩ መሣሪያ ባለበት ቤት ጉዞው በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል። ፕሮቲንዎ 1.2 ኬልቪንንም ሆነ ትኩሱን ፈሳሽ ያላየው ለዚህ ነው። ትኩሱ ፈሳሽ እስኪደርስ ይበርዳል።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገርዎት። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ የጠበቅነው ናሙና ተለቆ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ግን ቆሻሻ የሆነ ሰፊ ጉብታ ብቻ ወጣ። ቱቦውን አውጥተን ስናየው ፈሳሹ አረፋ በአረፋ ሆኗል፤ እንደተናጠ ወተት። ፕሮቲን ያለበት ባፈር ጋዝ ሲነፋበት እንዲህ ይሆናል። አረፋ ካለ ማግኔቱ ውስጥ ያለው መስክ ይዘበራረቃል፣ ሲግናሉም ይሰፋል። ደግመን እንዳንለካ ጉልበቱ አልቋል። ያ ቀን ባዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ፕሮቲን በሌለበት ባፈር፣ ቀጥሎ በርካሽ ፕሮቲን ሦስት አራት ጊዜ ሳልለማመድ የሰው ፕሮቲን አልነካም። የእርስዎ 2 ሚሊግራምም በልምምድ ማለቅ የለበትም።

ጉልበቱ አለቀ ያልኩት ቃል በቃል ነው። ሰልፉ የፈረሰበት ኒውክለስ ወደ ተራው 32 በሚሊዮን ይመለሳል፤ አይታደስም። የሚፈጀው ጊዜ እንደ ኒውክለሱ ይለያያል። በትንሽ ውህድ ላይ ያለ ፕሮቶን ወይም ፍሎሪን ጥቂት ሴኮንድ ይቆያል። ሃይድሮጅን ያልተያያዘበት ካርበን 13፣ ለምሳሌ የካርቦክሲል ካርበን፣ በአስሮች የሚቆጠር ሴኮንድ ይሰጣል። ናይትሮጅን 15 አንዳንዴ ደቂቃዎች ይዘልቃል። በተለኩ ቁጥር ደግሞ ከቋቱ ይቀነሳል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እየጨለፉ ብዙ ጊዜ መለካት፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጥቶ መጨረስ ነው ምርጫው። እንደ ሻማ እየነደደ የሚያልቅ ነገር ነው። ፕሮቲኑ ራሱ ለምን እንደማይጎለብት ከዚሁ ይገባዎታል። ትልቅ ሞለኪውል በዝግታ ይገለባበጣል፣ ሲግናሉም በፍጥነት ይከስማል፤ ጉዞውን አይችለውም።

ታዲያ መያያዙ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ የፕሮቲኑ ድክመት ለእኛ ጥቅም ይሆናል። ነጻ የሆነ ትንሽ ውህድ በፈሳሽ ውስጥ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሲግናሉም ረጅም ጊዜ ይሰማል። ፕሮቲኑ ሲይዘው ግን የፕሮቲኑን ዝግታ ይዋሳል፤ ሲግናሉ ቶሎ ይጠፋል። ውህዱ እየገባ እየወጣ ከሆነ፣ የምንለካው የመጥፋት ፍጥነት የሁለቱ ሚዛናዊ አማካይ ነው። ቁጥር እንስጠው። 50 ማይክሮሞላር ውህድ፣ 1 ማይክሮሞላር ፕሮቲን፣ ኬዲ የሚባለው የመያያዝ ቁጥር (ባነሰ ቁጥር መያያዙ ይጠነክራል) 20 ማይክሮሞላር ይሁን። በዚህ ሁኔታ ከውህዱ በማንኛውም ቅጽበት የተያዘው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ነጻው በሴኮንድ 1፣ የተያዘው በሴኮንድ 100 ፍጥነት ይጠፋል እንበል። የሚታየው 2.4 ይሆናል። ሲግናሉ በግማሽ ለመቀነስ 0.7 ሴኮንድ ይፈጅበት የነበረው አሁን በ0.3 ሴኮንድ ገደማ ይወርዳል። አንድ መቶኛ ብቻ ተይዞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ፍሎሪን ላይ ደግሞ በተከታታይ የማስተጋቢያ ምቶች ሙሉውን የመውረድ ኩርባ በአንድ ተኩስ፣ ማለትም በአንድ ልኬት፣ መቅዳት ይቻላል። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሂልቲ ቡድን በ2012 ፍሎሪን ያለው ውህድ ከትሪፕሲን ጋር ሲያያዝ በዚህ ዓይነት መንገድ አሳይቷል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፍሎሪን ላይ የመግባትና የመውጣት እንቅስቃሴው ራሱ ፍጥነቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ ተነስተው ኬዲ አያስሉ። መጠኑን እየቀያየሩ ቢያንስ አምስት ስድስት ነጥብ ይሥሩ።

አሁን ወደ ናኖሞላሩ ውህድ እንምጣ። ከላይ ያልኩት ሁሉ የቆመው «እየገባ እየወጣ» በሚለው ላይ ነው። አንድ ውህድ ፕሮቲኑን የሚያገኝበት ፍጥነት በሞላር በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው እንበል። ኬዲው 100 ማይክሮሞላር ከሆነ፣ ፕሮቲኑ ላይ የሚቆየው 0.1 ሚሊሴኮንድ ነው። በአንድ ሴኮንድ አሥር ሺህ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ግሩም። ኬዲው 1 ናኖሞላር ከሆነ ግን አንዴ ከተያዘ 10 ሴኮንድ ያህል አይለቅም። በዚያ ጊዜ ሃይፐርፖላራይዜሽኑ አልቆ ሄዷል። ነጻው ስለተያዘው ምንም አያወራም። ስፔክትረሙ ላይ የሚያዩት «ያልተያያዘ» የሚመስል ጤነኛ ሲግናል ይሆናል። ምርጡን ውህድ እንደማይሠራ ቆጥረው የሚጥሉት እንዲህ ነው። ስንት ሰው በዚህ ተሸውዷል!

መፍትሔው ውድድር ነው፤ በደካማ ሰላይ ጠንካራውን መሰለል። ፍሎሪን ያለው ውህድዎ በመካከለኛ ጥንካሬ የሚያያዝ ከሆነ ሰላይ ይሁን። እሱ ብቻውን ከፕሮቲኑ ጋር ሲሆን ሲግናሉ ቶሎ ይወርዳል። ጠንካራው ሲጨመር ቦታውን ይቀማዋል፤ ሰላዩ ነጻ ይወጣል፤ ሲግናሉም እንደገና ረዘም ብሎ ይሰማል። ጠንካራው ውህድ ሃይፐርፖላራይዝድ መሆን አያስፈልገውም። ሁለተኛው ውህድዎም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ሰላዩ ካልተፈናቀለ ሌላው አልተያያዘም ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ውድድር ተአምር አይሠራም። ፕሮቲንዎ 1 ማይክሮሞላር ከሆነ የ1 ናኖሞላርና የ10 ናኖሞላር ውህድ ኩርባ ልክ አንድ ዓይነት ይመስላል። ሁለቱም ፕሮቲኑን በቁጥር አንድ ለአንድ ይሞሉታል። «ከዚህ ይጠነክራል» ማለት ይቻላል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ማውጣት አይቻልም። ለናኖሞላሩ ውህድ ቁጥር ከፈለጉ ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስ (መያያዝን በብርሃን የሚለካ ዘዴ) ወይም በጥንቃቄ የተሠራ የኢንዛይም ኪነቲክስ፣ ማለትም የኢንዛይሙ ፍጥነት ልኬት፣ ይሻላል። እዚህ ላይ ምንም አልደራደርም።

«የት ቦታ» ለሚለውም አጭር መልስ ልስጥ። ከሃይፐርፖላራይዝድ ውህድ ወደ ፕሮቲኑ ጉልበት ሲተላለፍ ማየት ይቻላል፤ የትኛው የፕሮቲን ክፍል ቅርብ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። ውሃውን ራሱ ሃይፐርፖላራይዝ አድርጎ በልውውጥ ፕሮቲኑ ላይ ሲግናል ማየትም ተሠርቷል። ሁለቱም ግን ሥራቸው ረጅም ነው፤ በመጀመሪያ ቀን የሚሞከሩ አይደሉም። ቦታውን በትክክል ለማወቅ ክሪስታሎግራፊ (የፕሮቲኑን ክሪስታል በኤክስሬይ ማየት)፣ ወይም በናይትሮጅን 15 ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ይዞ የኤንኤምአር ሲግናሎቹን ካርታ ማየት ነው። ለካርታው 100 ማይክሮሞላር ፕሮቲን በግማሽ ሚሊሊትር ቢፈልጉ 1.5 ሚሊግራም ይሄዳል። 2 ሚሊግራም ካለዎት አብዛኛውን በአንድ ናሙና ጨረሱት ማለት ነው። ምልክት ካልተደረገበትም ጭራሽ አይሆንም።

ሃይፐርፖላራይዜሽን ሲባል ይህ የበረዶው መንገድ ብቻ ነው ብለው እንዳይወስዱ። ፓራሃይድሮጅን ከሚባለው ልዩ የሃይድሮጅን ጋዝ ዓይነት የሚነሳ መንገድ አለ። ሴበር የሚባለውን ዘዴ በ2009 የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስተዋወቁት። ውህዱና ፓራሃይድሮጅኑ ኢሪዲየም የሚባል ብረት ላይ ለአፍታ ተገናኝተው ጉልበቱ ይተላለፋል። ፈጣንና ተደጋጋሚ ነው። ችግሩ ውህዱ ከኢሪዲየም ጋር መግባባት አለበት፤ እንደ ፒሪዲን ያለ ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሥራም የሚሠራው በሜታኖል ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ሜታኖል አይወድም። ዜኖን ላይ የተመሠረተው ዘዴ ለሳንባ ምስል ድንቅ ነው። በዚህ ጥያቄ ግን ይለፈን።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው የብርሃኑ ዘዴ ነው፤ ፎቶ ሲአይዲኤንፒ ይሉታል። ካፕታይን በ1978 ፕሮቲን ላይ አሳየው። ፍላቪን ወይም የመሰለ ቀለም በብርሃን ሲነቃ ከቀለበታማ አሮማቲክ ውህድ ጋር ኤሌክትሮን ይለዋወጣል። በዚያ መካከል ኒውክለሶቹ ይጎለብታሉ። ውህዱ ፕሮቲኑ ውስጥ ከተደበቀ ቀለሙ አያገኘውም፤ ሲግናሉ ይቀንሳል። መያያዙ የሚነበበው ከዚህ ነው። እድገቱ ከበረዶው መንገድ ያነሰ ነው። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ነው፣ በክፍል ሙቀት ነው፣ ፈሳሽ ሂሊየም አይፈልግም፣ ደግሞ ደጋግሞ መለካት ይቻላል። ሌዘር ወይም ኤልኢዲ መብራትና ብርሃኑን ወደ ቱቦው የሚያደርስ ፋይበር ይበቃዋል። ገደቡ ውህዱ ፌኖል፣ ኢንዶል ወይም የመሰለ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ቀለበት ሊኖረው ይገባል። ኦክስጅን ያዳክመዋል። ብርሃኑ ከበዛም ቀለሙ ይነጣል፣ ፕሮቲኑም ሊጎዳ ይችላል። ከ3ቱ ውህዶችዎ አንዱ እንዲህ ያለ ቀለበት ካለው፣ ከበረዶው በፊት ይህን እጠይቅ ነበር።

ሌላ የማስጠነቅቅዎት ነገር የማይሟሟውን ውህድ ነው። በእርግጥ ሃይፐርፖላራይዜሽን ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው፤ 5 ማይክሮሞላር ብቻ ሟሙቶ እንኳ በአንድ ተኩስ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በደንብ የማይሟሟ ውህድ መጠኑ ከፍ ሲል እርስ በርሱ ይጓጎላል። ጓሉ ፕሮቲኑን ያጣብቅና ያግዳል፤ በሁሉም ዘዴ «ተያይዟል» የሚል ውሸት ይሰጣል። በኤንኤምአርም ጓጉሎ የከበደ ነገር ሲግናሉ ቶሎ ስለሚጠፋ ልክ እንደተያዘ ያስመስላል። ስለዚህ ፕሮቲን የሌለበት ኮንትሮል ግዴታ ነው። ትንሽ ዲተርጀንት፣ ለምሳሌ 0.01 በመቶ ትራይተን፣ ጨምሮ ውጤቱ ከጠፋ ያዩት ጓል ነበር። በበረዶው ዘዴ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ እንግዳዎች ይመጣሉ፤ ራዲካሉና ከበረዶው ጋር የመጣው ዲኤምኤስኦ ወይም ግሊሰሮል። ሁለቱም የሲግናሉን የመጥፋት ፍጥነት ሊነኩ ይችላሉ። ፕሮቲን በሌለበትና ባለበት ናሙና መጠናቸው እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አሁን ምክሬን ልናገር። በሃይፐርፖላራይዜሽን አይጀምሩ። 2 ሚሊግራም ማለት ለእርስዎ ፕሮቲን 67 ናኖሞል ገደማ ነው። ተራ የፍሎሪን ኤንኤምአር ላይ 10 ማይክሮሞላር ፕሮቲን በግማሽ ሚሊሊትር ቢወስዱ 0.15 ሚሊግራም ይሄዳል። 13 ናሙና አለዎት ማለት ነው። የመጀመሪያው ናሙና ፍሎሪን ያለው ውህድ ብቻውን፣ ያለ ፕሮቲን። ሁለተኛው ከፕሮቲን ጋር። ልዩነት ካለ ሰላይ አገኙ። ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለት ውህዶች በየተራ ጨምረው መፈናቀሉን ይዩ። ይህ በአንድ ተራ ማሽን፣ በአንድ ወይም በሁለት ሌሊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ያ 147 እጥፍ እዚህ ላይ ያገለግላል። ደካማ መያያዝ ካገኙም አይናቁት። አቦት በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የፌሲክ ቡድን በ1996 ባስተዋወቀው የኤንኤምአር ዘዴ ከሚሊሞላር አካባቢ ከተያያዙ ቁርጥራጮች የተጀመረው መንገድ ከዓመታት በኋላ ቬኔቶክላክስ የሚባል የደም ካንሰር መድኃኒት ላይ አድርሷል፤ መድኃኒቱ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሃይፐርፖላራይዜሽን አልተጠቀሙም።

ወደ ሃይፐርፖላራይዜሽን የሚሄዱት በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንዱ፣ ተራው ፍሎሪን ሙከራ የማይሟሟውን ውህድ ሌሊቱን ሙሉ ተኬዶም ካላሳየው። ሌላው፣ ፕሮቲኑ በ10 ማይክሮሞላር የሚጓጎል ወይም ሌሊቱን የማይቆይ ከሆነና በ1 ማይክሮሞላር መሥራት ግድ ካለዎት። በ1 ማይክሮሞላር አንድ ናሙና 15 ማይክሮግራም ብቻ ነው የሚበላው፤ ለአንድ ተኩስ ደግሞ ማሽኑ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ይህ ዘዴ የሚተካው የለም።

ወደሚሠራው ላቦራቶሪ ከመጻፍዎ በፊት አራት ነገር በእጅዎ ይሁን፤ ያለዚያ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት እነሱን ነው። ፍሎሪን ያለው ውህድ በባፈርዎ ውስጥ ቲ1 የሚባለው የመመለሻ ጊዜው ስንት ሴኮንድ ነው? ከ1 ሴኮንድ በታች ከሆነ ጉዞውን አይችልም። እያንዳንዱ ውህድ በዲኤምኤስኦ እስከ ስንት ሚሊሞላር ይሟሟል? ፕሮቲኑ 5 በመቶ ዲኤምኤስኦ ሲኖርበት አሁንም ይሠራል? ባፈሩ ላይ ጋዝ ሲነፋበትስ አረፋ ያወጣል ወይ? የመጨረሻውን ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግዎትም። ቀጭን ቱቦና መርፌ ይዘው በባፈሩና አልቡሚን በሚባለው ርካሽ ፕሮቲን ላይ ዛሬውኑ ይሞክሩት።